ውሃው ራሱ ቱቦውን ሲያልፈሰፍሰው

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ግቢ ሲያጥብ ጎማው ከእጁ አመለጠ። ፓምፑ እየሠራ ስለነበር ጎማው መሬት ላይ ወድቆ እንደ እባብ መገለባበጥ ጀመረ። አንዴ ግድግዳው ላይ፣ አንዴ በረንዳው ላይ፣ አንዴ የተሰጣው ልብስ ላይ ውሃውን ይረጨዋል። ሮጬ ፓምፑን አጠፋሁት። ልጁ 11 ዓመቱ ነው። እየሳቀም እየደነገጠም «አጎቴ፣ ማን ነው የሚያወዛውዘው?» አለኝ። እኔም ቸኩዬ «ግፊቱ ነዋ!» አልኩትና ወደ ቤት ገባሁ።

መልሱ ስህተት ነው። ማታ ሲከነክነኝ አመሸ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለማስተርስ የደከምኩት እኮ በዚሁ ነገር ላይ ነው። ውስጣቸው ፈሳሽ የሚያልፍባቸው ስስ ቱቦዎች እስከ ስንት ፍጥነት ድረስ ጸንተው እንደሚቆሙ፣ ከዚያ በኋላስ ምን እንደሚሆኑ ሳሰላ ነው የከረምኩት። ስለዚህ ለልጁ ልነግረው የሚገባኝን ነገር እዚህ ልጻፈው።

ግፊቱ እንዳልሆነ ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። የጎማውን አፍ ጥርቅም አድርጋችሁ ድፈኑት። ያኔ ውስጡ ያለው ግፊት ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ ጎማው ግን ጸጥ ብሎ ይተኛል። አፉን ስትለቁት ግፊቱ ይወርዳል። ጭፈራው የሚጀምረው ያኔ ነው። የሚያወዛውዘው የውሃው ፍጥነት ነው።

እንዴት? ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ሹፌሩ በፍጥነት ወደ ግራ ሲታጠፍ ሁላችሁም ወደ ቀኝ ተጭናችሁ የጎኑን በር ትገፉታላችሁ። ውሃም እንደዚሁ ነው። ቱቦው ትንሽ ከጎበጠ ውሃው ጉብጠቱን ተከትሎ መታጠፍ ግድ ይሆንበታል፤ ሲታጠፍ ደግሞ ቱቦውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ማለትም ጉብጠቱን ያባብሰዋል። ቱቦው በበኩሉ በግትርነቱ ወደ ቀጥታው ሊመለስ ይታገላል። እስከዚህ ድረስ ትግሉ እኩል ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም፣ ምክንያቱም የውሃው ግፊያ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊያው አራት እጥፍ ይሆናል። የቱቦው ግትርነት ግን ያው የተሠራበት ነው። ስለዚህ አንድ ፍጥነት ላይ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ያቺን ወሳኝ ፍጥነት እንላታለን። እዚያ ሲደርስ ቱቦው ግትርነቱን በሙሉ ለውሃው ከፍሎ ጨርሷል። ብረት ቢሆን እንኳ ልክ እንደ ገመድ ነው።

የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1744 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስለ ምሰሶ መጉበጥ ካሰላው ጋር አንድ ዓይነት ሒሳብ ነው። ምሰሶውን ከላይ ክብደት ሲጫነው የሚደርስበት ነገር ቱቦው ላይ በፍሰት ምክንያት ይደርሳል። መሐንዲሶች በክሊንግ የሚሉት ይህንን ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ከላይ የተጫነ ምንም ነገር አለመኖሩ ነው። ተማሪ ሆኜ ይህን ስረዳ ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ ደብተሬን እንዳየሁት ትዝ ይለኛል።

ቁጥር እንስጠው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሁለቱም ጫፉ የተደገፈ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ጎማ እንውሰድ። የጎማውን የመለጠጥ ልክ (ለመለጠጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚለካበትን) 5 ሜጋ ፓስካል ብለን ብናሰላው ወሳኟ ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ትወጣለች። ማንኛውም የግቢ ፓምፕ ያልፋታል። አሁን ደግሞ 1 ሜትር ዲያሜትርና 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ፣ በየ20 ሜትሩ የተደገፈ። እዚህ ወሳኟ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 157 ሜትር ነው። በውሃ መስመር ላይ ውሃው በሰከንድ ጥቂት ሜትር ቢሄድ ነው። ስለዚህ የብረት ቱቦ በፍሰት ብቻ እንዲህ ሊጎብጥ ይችላል ብላችሁ እንዳትሰጉ።

ጥያቄው ብዙ ትኩረት ያገኘው ግን በብረት ቱቦ ምክንያት መሆኑ ደስ ይላል። ከሳዑዲ ዓረቢያ ተነስቶ በበረሃው አቋርጦ ሊባኖስ ሲዶን ድረስ ይሄድ የነበረው የነዳጅ መስመር በ1950 ሲጠናቀቅ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ከመሬት በላይ በተዘረጉት ክፍሎቹ ላይ ንዝረት ይታይ ነበርና አሽሊና ሃቪላንድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በዚያው ዓመት በውስጡ በሚሄደው ነዳጅ ሊያስረዱት ሞከሩ። ቀመራቸው ጉድለት ነበረበት። በ1952 በመሬት መንቀጥቀጥ ምህንድስና የሚታወቀው ጆርጅ ሃውስነር አስተካክሎ ጻፈው። ከዚያ በፊት በ1939 ቡሪዬር የተባለ ፈረንሳዊ አንድ ጫፉ ነፃ የሆነ ቱቦ እንዴት እንደሚወዛወዝ በሙከራም በሒሳብም አሳይቶ ነበር። ጦርነቱ መጣ፣ ጽሑፉ ለረጅም ጊዜ ተረሳ። ሌሎች ያንኑ እንደገና ከዜሮ አገኙት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። እስካሁን ያልኩት መጉበጥን ያስረዳል እንጂ መወዛወዝን አያስረዳም። ጎማው አንድ ጫፉ ነፃ ነው፤ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው። ሁለቱም ጫፍ ሲታሰር በአንድ ዙር ውዝዋዜ ውስጥ ውሃው ለቱቦው የሚሰጠውና የሚወስደው ጉልበት ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል፤ ስለዚህ ቱቦው ጎብጦ ይቀራል። ጫፉ ነፃ ሲሆን ግን ሒሳቡ አይጣፋም። ጫፉ ወደ ቀኝ ሲሄድ አፉ ወደ ግራ ያጋደለ ከሆነ የሚወጣው ውሃ ወደ ግራ ይተኮሳል፣ ጫፉን ደግሞ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ወደ ግራ ሲመለስም እንደዚያው በተቃራኒው። በእያንዳንዱ ምልልስ ጎማው ከውሃው ትንሽ ትንሽ ጉልበት ይሰርቃል፣ ውዝዋዜው እያደገ ይሄዳል። ይህን ፍላተር እንለዋለን። ፍሰቱ ዘገምተኛ ሲሆን ግን ውሃው ውዝዋዜውን ያረግበዋል። ያው ውሃ፣ ያው ጎማ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ብቻ አረጋጊው አወዛዋዥ ይሆናል።

እኔ ያጠናሁት ግን ከዚህ አንድ ደረጃ ይብሳል፤ ግድግዳው በጣም ስስ የሆነ ቱቦ። ሼል እንለዋለን። ወፍራም ጎማ ሲጎብጥ አፉ ክብ እንደሆነ ይቀራል፣ የሚጣመመው ርዝመቱ ነው። ስስ ሼል ግን ርዝመቱ ቀጥ እንዳለ ክብነቱን ያጣል። መጀመሪያ ሞላላ ይሆናል፤ አጭርና በጣም ስስ ከሆነ ደግሞ ዙሪያው ላይ ሦስት ወይም አራት ሞገድ ያወጣል፣ እንደ አበባ። ምክንያቱም ይኸው ነው። ግድግዳው አንድ ቦታ ትንሽ ወደ ውስጥ ቢገባ መተላለፊያው ይጠባል፤ ውሃው እዚያ ጋ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ግፊቱ ሲወርድ ግድግዳው ይብሱን ወደ ውስጥ ይሳባል።

ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ማይክል ፓይዱሲስና ዴኒስ በ1972 ይህን በስስ የጎማ ሼሎችና በአየር ፍሰት አሳዩ። እኔም ከዓመታት በኋላ ያንኑ ለመድገም ከሲሊኮን ሼል ሠርቼ በብሎወር አየር አሳለፍኩበት። መጀመሪያ የሠራኋቸው አራቱ ውፍረታቸው እኩል አልሆነልኝም፣ ጣልኳቸው። አምስተኛው ጥሩ ወጣ። ስሌቴን ጨርሼ ወሳኟን ፍጥነት ወረቀት ላይ ጽፌ ለጥፌያለሁ። ፍሰቱን ቀስ እያልኩ ስጨምር ከጻፍኩት ቁጥር ብዙ ሳልቃረብ ሼሉ በድንገት ጧ ብሎ ተጨማደደ። ስሌቱን ደገምኩት፣ ትክክል ነው። ፍሰቱን ትንሽ ቀነስኩ፤ ሼሉ አልተመለሰም። በጣም እስክቀንስ ድረስ እንደተጨማደደ ቆየ። ሌላ ቀን ደግሞ ገና ክብ ሆኖ ቆሞ ሳለ በእርሳስ ጫፍ ጎኑን ነካ አደረግሁት፤ ያኔውኑ ወደ ውስጥ ገባ።

ያን ጊዜ ነው መምህሬ ቀጥተኛው ሒሳብ የሚነግረኝ ግማሹን ብቻ እንደሆነ ያስረዱኝ። ቀጥተኛው ሒሳብ የሚጠይቀው በጣም ጥቃቅን ንቅናቄ ሼሉን ይጥለዋል ወይ ብሎ ነው። ሰፋ ያለ ንቅናቄ ምን እንደሚያደርግ አይጠይቅም። አማቢሊ፣ ፔሊካኖና ፓይዱሲስ ከ1999 ጀምሮ ይህን በስፋት ሠርተውታል። ሼሉ ከወሳኟ ፍጥነት በታችም ሁለት መኖሪያ አለው፤ አንዱ ክብ፣ አንዱ የተጨማደደ። ክቡ ላይ ቆሞ ሳለ በቂ ነቅናቂ ካገኘ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ከዚያ በቀላሉ አይመለስም። በኋላ የተሠሩ ሙከራዎች፣ አሉሚኒየም ሼል ውስጥ ውሃ በማሳለፍ ጭምር፣ ይህንኑ አሳይተዋል። ሁለት ጫፉ በታሰረ ሼል ላይ ቀጥተኛው ሒሳብ ከመጨማደድ በኋላ ይመጣል ይለው የነበረው ፍላተርም በአዲሱ ሒሳብ ላይ አልታየም።

ይህ የስስ ነገር ሁሉ ጠባይ ነው። ባዶ የለስላሳ ጣሳ ላይ በአንድ እግራችሁ ቀስ ብላችሁ ቁሙ። ግድግዳው 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀመሩ ወደ 270 ኪሎ ይችላል ይላል። በእርግጥም ሰው ይሸከማል። ከዚያ አንድ ሰው በሁለት ጣቱ ጎኑን ጠቅ ያድርገው፤ ወዲያው ጭፍልቅ ይላል። ኮይተር የተባለው ሆላንዳዊ በ1945 በዶክትሬት ጽሑፉ ያስረዳው ይህንን ነበር፤ የስስ ሼልን አቅም ዓይን የማያየው ጉድለት ምን ያህል እንደሚያወርደው። ለዚህም ነው የሮኬት አካል የሚነድፉ ሰዎች ከቀመሩ ያገኙትን ቁጥር ሆን ብለው ብዙ ቀንሰው የሚጠቀሙት።

አሁን ደግሞ በዓይኔ ያየሁት። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ደጋ ላይ በሚሠራ አንድ የውሃ ፕሮጀክት ሳይት ላይ ነበርኩ። ቱቦው 1.2 ሜትር ዲያሜትር፣ ላሜራው 6 ሚሊ ሜትር። በግፊት ፈትነነው 16 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያለምንም ችግር ችሏል፤ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ለጥገና ከታች ውሃው እንዲለቀቅ ተደረገ። ኮረብታው አናት ላይ የአየር ቫልቭ አለ፤ ነገር ግን ውሃ እያፈሰሰ ስላስቸገረ ከሥሩ ያለውን መዝጊያ አንድ ሰው ዘግቶት ነበር። መዘጋቱን ለሌላው የነገረ የለም። ውሃው ከታች ሲወርድ ከላይ የሚተካው አየር አልገባም። አናቱ አካባቢ ያለው ቱቦ ወደ 30 ሜትር ርዝመት ያህል እንደ ተረገጠ ጣሳ ተጣበቀ። ድምፁ ከታች ካምፑ ድረስ ተሰማ። ሰው አለመጎዳቱ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዋናው በያጃችን ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ያን ቱቦ ስፌት በስፌት የበየዱት እሳቸው ናቸው። መጥተው በእጃቸው ዳሰሱትና «16 ባር የቻለ ላሜራ እንዴት አየር አቃተው?» አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሐዘን ዛሬም አይረሳኝም፤ የእጃቸው ሥራ የተበላሸ መስሏቸው ነበር። ቁጭ ብለን ወረቀት ላይ ሠራነው። ከውስጥ ለሚመጣ ግፊት ቱቦው የሚመካው በብረቱ ጥንካሬ ነው፤ ግድግዳው እኩል ይወጠራል፣ ክብነቱም ይጠበቃል፤ በዚህ በኩል ከ20 ባር በላይ አቅም አለው። ከውጭ ለሚመጣ ግፊት ግን የሚመካው በግትርነቱ ነው፤ እሱም በውፍረትና በሬዲየስ ጥምርታ ኪዩብ ነው የሚሄደው። የእኛ ጥምርታ አንድ መቶኛ ነበር። አንድ መቶኛን በራሱ ሦስት ጊዜ ስታባዙት አንድ ሚሊዮንኛ ይሆናል። ቀመሩ ሲሰላ 0.55 ባር ሰጠን። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ራሱ 0.76 ባር ገደማ ነው። ስለዚህ ከላይ 5 ሜትር ተኩል ያህል ውሃ ወርዶ አየር ካልተካው ቱቦው አለቀለት። ላሜራው 12 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ አቅሙ ስምንት እጥፍ ይሆን ነበር። ወይም በየተወሰነ ርቀት ዙሪያውን የብረት ቀለበት ቢበየድለት። ወይም፣ ከሁሉ የሚቀለው፣ ያ ትንሽ የአየር ቫልቭ ክፍት ቢሆን። እሳቸው ስሌቱን እስከ መጨረሻው ተከታተሉና «እና ስፌቴ አልተነካም ማለት ነው?» አሉኝ። አልተነካም ነበር። አንድም ስፌት አልተከፈተም።

በ1950 ጃፓን ኦይጋዋ የኃይል ማመንጫ ላይ የደረሰው ከዚህ እጅግ የከፋ ነው። በጥገና ወቅት ቫልቭ በድንገት ተዘጋ። የሚሮጥ ውሃ በድንገት ሲቆም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ በ1 ሜትር ብቻ ቢቀንስ እንኳ፣ ብረት ቱቦ ውስጥ 10 ባር ገደማ ግፊት ይፈጥራል፤ ዡኮቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ ሳይንቲስት ሞስኮ ላይ ይህን ያሳየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ኦይጋዋ ላይ ቱቦው ተቀደደ። ከተቀደደው ቦታ ውሃው ሲዘረገፍ ደግሞ ከበላዩ ያለው ክፍል ውስጥ ቫኪዩም ተፈጠረና ያ ሁሉ ብረት ተጨፈለቀ። አንድ ቱቦ በአንድ አደጋ መጀመሪያ ፈነዳ፣ ከዚያ ተጣበቀ። ሦስት ሠራተኞች ሞቱ። ትምህርት ቤት ቱቦ ስንነድፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናሰላው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ስለ ሁለተኛው፣ ስለ መጣበቁ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የተነገረኝ፣ እሱም በኮርሱ መጨረሻ ሳምንት። ይህ ያሳስበኛል፤ እየተማራችሁ ያላችሁ ካላችሁ ሳትጠየቁ አስሉት።

ሰውነታችን ደግሞ በእነዚህ ስስ ቱቦዎች የተሞላ ነው። ስትተኙ አንገታችሁ ጎን ላይ ጎላ ብሎ የሚታየው ደም ስር ስትነሱ ይጠፋል። የትም አልሄደም፤ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ስላነሰ ተጣብቆ ነው። ቀጭኔም ቀጥ ብላ ስትቆም ከጭንቅላቷ ደም የሚመልሰው ትልቁ ደም ስር ተጣብቆ ነው ደሙን የሚያሳልፈው። የደም ግፊት ስትለኩ ክንዳችሁ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ሐኪሟ አየሩን ቀስ እያለች ስትለቅ ደም ወሳጁ በእያንዳንዱ የልብ ምት ይከፈትና ይጨማደዳል፤ በማዳመጫዋ የምትሰማው ድምፅ ከዚያ ይመጣል። ኮሮትኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ሐኪም በ1905 ያገኘው ነው። የእኛ የሲሊኮን ሼል በብሎወር ሲሰቃይ እናቴ ቤተ ሙከራ መጥታ ብታየው ኖሮ በየወሩ ክንዷ ላይ የሚሆነው ይኸው እንደሆነ አሳያት ነበር።

ትናንት ከልጁ ጋር ጎማውን እንደገና አወጣነው። የጎማውን መካከል አጥሩ ላይ አሰርንና አንድ ሜትር ያህል ወደ ታች እንዲንጠለጠል ተውነው። ፓምፑን ቀስ ብለን ከፈትን። መጀመሪያ ጸጥ ብሎ ተንጠልጥሎ ያፈስሳል። ልጁ በእጁ ገፋ ሲያደርገው እንኳ ቶሎ ይረጋጋል። ቫልቩን ትንሽ ጨመርን፤ አሁንም ምንም የለም። ከዚያ ከሩብ ዙር ባነሰ ጭማሪ ጎማው ብቻውን ተነሳ። ልጁ በስልኬ ስሎው ሞሽን ቀረጸው። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን አየነው። ጫፉ ወደ ቀኝ ሲሄድ አፉ ወደ ግራ አጋድሎ ይተፋል፤ ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ አየና ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ ልክ የጎማው አፍ ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ ነው የሚሰርቀው?» አለኝ። አዎ፣ እዚያ ጋ ነው።